ያልተወለደች ጊደር ግብር

ዶክተር ሙላት የሰው ሆድ ከፍቶ ያገኘውን ሁሉ በስሙ ይጠራል፤ የደመወዝ ወረቀቱን ሲከፍት ግን አንዱም መስመር አይገባውም። «የሥራ ግብር» ይላል፣ «ጡረታ» ይላል፣ «ለእናት ሀገር ጥሪ» ይላል፣ ከሁሉ በታች ደግሞ የተረፈው ይታያል። ወር በወጣ ቁጥር ያንን የተረፈውን አይቶ ራሱን ይነቀንቅና «ኩላሊት እንኳ ምን አጣርቶ እንዳስወጣ ይታወቃል፤ የዚህ ምኑ ይታወቃል?» ብሎ ወረቀቱን በነጭ ጋውኑ ኪስ ይከተዋል። እዚያ ውስጥ ወረቀቱ ከፋሻና ከእርሳስ ጋር ይከርማል።

ዘመኑ ሰባ አንድ ነው። ሐይቅ ከተማ ያለችው ጤና ጣቢያ ከድሬሰርና ከነርስ በቀር አይታ የማታውቅ ነበረች፤ ዶክተር የሚባል ሲመደብላት ሙላት የመጀመሪያው ሆነ። ሲመደብ አኩርፎ ነበር። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ልጅ፣ ሻንጣውን ከአውቶቡስ አውርዶ መንገድ ዳር ቆሞ ሐይቁን ሲያይ «እዚህ ዓመት አልቆይም» ብሎ ምሎ ነበር። ዓመቱ አለፈ፤ መሐላውም አብሮ አለፈ። ዛሬ ከሐይቅ ተነሣ ቢሉት ከነሥሩ እንደሚነቀል ዛፍ ነው የሚሆነው።

ምክንያቱ አንድም ሕዝቡ ነው፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ዋናው ምክንያት ሲስተር ትሁን ናት። ትሁን የጤና ጣቢያው ነርስ ናት፣ የሐይቅ ልጅ፣ ምላሷ ከመርፌዋ የሚቀድም። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ተስማምተዋል። አንድ ነገር ብቻ ቀድማ ነግራዋለች፤ «እናቴ ከዚህ ሐይቅ ዳር አትነሣም፣ እኔም እናቴን ጥዬ አልሄድም። የት ይመድቡኝ ይሆን የምትል ከሆነ ሽማግሌህን ጫማ አታስጨርስ።» እሱም ገብቶታል። ከሐይቅ የተነሣ ዕለት ጋብቻውም ተነሣ ማለት ነው።

በዚያ ወር የደመወዝ ጭማሪ ደረሰው። ሌላ ሰው ቢሆን ይደሰታል፤ ሙላት ግን ጭንቀት ያዘው። አንድ ሰው «ጭማሪ ከፍ ወዳለው የግብር ልክ ስለሚያስገባህ እንዲያውም ሳይቀንስብህ አይቀርም» ብሎት ነበር።

«እንግዲህ ሲጨምሩልኝ ሊቀንሱብኝ ነው» እያለ ትሁን መርፌ በምትቀቅልበት ክፍል ውስጥ ሲንጎራደድ ሰማችው።

«በሽታውን የማይናገር በሽተኛ ሲመጣብህ እንዴት ነው የምትቆጣው?» አለችው። «ገቢ ቤቱ እዚያ ማዶ ነው። ሂድና ሕመምህን ንገራቸው።»

ሄደ። የገቢ ሹሙ አቶ ወልዴ የሚባል፣ ጺሙን በየጠዋቱ የሚላጭ፣ እርሳሱን በሁለቱም ጫፍ የሚቀርጽ ሰው ነው። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ወደ ቢሮው የሚመጣው ሰው ወይ ሊለምን፣ ወይ ሊያለቅስ፣ ወይ ሊጣላ ነው፤ «አስረዳኝ» ብሎ የመጣ አንድ ፍጡር የለም። ዶክተሩ «ግብሬን ላውቀው ብዬ ነው የመጣሁት» ሲለው አቶ ወልዴ ከወንበሩ ተነሣ። የሚያደርገው ጠፍቶት ሻይ አዘዘ።

«ጓድ ዶክተር፣ የእርስዎ ነገር ቀላል ነው» አለ። «የመንግሥት ሠራተኛ ነዎት፤ ደመወዝዎ ሠንጠረዥ ሀ ነው። እርስዎ እጅ ሳይገባ ከምንጩ ይቆረጣል። የሚሰለፉበት፣ የሚጨነቁበት ነገር የለም። ተከፍሎልዎታል።»

«ጭማሪዬስ? ደመወዜ በሙሉ በላይኛው ልክ ሊቆረጥ ነው?»

አቶ ወልዴ በክንዱ ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰደው። ማዶ፣ በአምባሰል በኩል፣ ገበሬው በዘመቻ የካበው እርከን ተራራውን ዞሮት ይታያል። «ያንን እርከን ያዩታል? ገበሬው ወደ ላይ አንድ እርከን ቢጨምር የታችኛው ይፈርሳል እንዴ?»

«ኧረ አይፈርስም።»

«እንደዚያ ነው። የታችኛው በታችኛው ልክ ይቆረጣል፤ የላዩ በላዩ ልክ። ከፍ ያለው ልክ የሚያርፈው በጭማሪው ላይ ብቻ ነው። ከሁሉ በታች ያለችው የመጀመሪያዋ እርከን ደግሞ ነፃ ናት፤ የደሃም ብትሆን የዶክተር አንነካትም።»

ሙላት በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ግብሩን ወዶ አያውቅም። ሰባት ዓመት ሕክምና ተምሮ ያልገባው ነገር በአንድ መስኮት ገባው። ሻዩን ጨልጦ፣ እጅ ነስቶ፣ በር ላይ ሲደርስ ደስታው አላስችለው አለና ዞር ብሎ ሳቀ።

«እንግዲያው ደመወዜ ተገላገለ። ሕዝቡ ከሚያመጣልኝ ዶሮ ላይ ደግሞ ክንፉን እንዳትቆርጡ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው። አቶ ወልዴ ተቀመጠ። እርሳሱን አነሣ።

«ዶሮ?»

«ቀልዴን ነው፣ አቶ ወልዴ።»

«ምን ያህል ዶሮ?»

«ኧረ ዶሮም አይባል! እንቁላል ነው፣ ዓሣ ነው፣ በእሸት ጊዜ ጥንቅሽ ነው። የታከመ ሰው ሲሻለው ባዶ እጁን አይመጣም። እንዲያው ያመጣሉ።»

«‹እንዲያው› የሚባል ሠንጠረዥ የለንም» አለ አቶ ወልዴ፣ ፊቱ ፈገግታ ያለፈበትም አይመስል። «ለሕክምናው ዋጋ ከሆነ ሠንጠረዥ ሐ ነው። የግል ሥራ። እሱ ከምንጩ አልተቆረጠም።»

አይ ዶክተር! ዝም ብሎ ሻዩን ጠጥቶ ቢወጣ ምን ነበረበት? ያኔም ነገሩን ንቆ፣ እየሳቀ፣ ወደ በሽተኞቹ ሄደ።

በሳምንቱ ትሁን ለገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ስለ ክትባት ልታስተምር ወጣች። ስትመለስ ሙላት የልጅ ጆሮ እያየ ነበር። በሩ ላይ ቆማ በሳቅ ትንፈራፈራለች።

«ምን ሆነሻል?»

«ሀብታም ሆነሃል!» አለችው እንባዋን እየጠረገች። ልጁ ከነእናቱ እስኪወጣ እንኳ አልታገሠችም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሊቀመንበሩ ባዬ መፈክሩን አሰምቶ ሲጨርስ አቶ ወልዴ ተነሣና በሕዝቡ ፊት «ዶክተሩ ላደረገላችሁ ሕክምና ምን ሰጣችሁት?» ብሎ ጠየቀ። በቃ፣ ይህንኑ ብቻ። ሰውዬው ወሎ ውስጥ እየሠራ ወሎን አለማወቁ! «ላዳነህ ሰው ምን ሰጠህ?» ተብሎ በአደባባይ ተጠይቆ «ምንም» ማለት፣ ጎረቤት እየሰማ፣ አማች እየሰማ፣ የአባትን ስም መሬት መጣል ነው። «እንቁላል» ማለትም ከዚያ ብዙ አይሻልም።

መጀመሪያ የተጠየቀችው ሐቢባ ናት። ልጇ ከኩፍኝ ሲድን ጥቂት እንቁላል በገለባ ጠቅልላ አምጥታ ነበር። «ዶሮ ሰጥቼዋለሁ» አለች። መቼም እንቁላሉ ቢታቀፍ ዶሮ መሆኑ አይቀርም፣ ብዙም አልዋሸችም። ዓሣ አጥማጁ ሐሰን ከሐቢባ ሊያንስ ነው? እሱ ያመጣው በስንደዶ የተሰካ ዓሣ ነበር፤ «ጠቦት» አለ። ቀጥሎ የሐይቁ ገዳም መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ ለእጃቸው ቁስል ሲታከሙ ሎሚ ሰጥተው ነበር፤ ገዳም ከዓሣ አጥማጅ አያንስምና «አንድ ማሰሮ ማር» አሉ፣ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው። ሕዝቡም በየተራው «እሰይ!» ይል ነበር።

«ከዚያ አያ ኑርዬ ተነሡ» አለች ትሁን።

አያ ኑርዬን ሙላት አይረሳቸውም። በአምባሰል ግርጌ የሚኖሩ፣ ቁመታቸው እንደ ዘንግ የቀና፣ ኮፍያቸው ሁልጊዜ የነጣ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ሂንድ ምጥ ላይ ሰንብታ፣ ልጁ በእግሩ ሲመጣ፣ ሙላትና ትሁን በበቅሎ ወጥተው እናቲቱንም ልጁንም አተረፉ። የዚያን ዕለት አያ ኑርዬ ወደ ጓዳ ገብተው ወጡ፣ ደግመው ገቡ፣ ባዶ እጃቸውን ወጡ። ከዚያ ደጃፍ ላይ ቆመው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያዙ። አቤት ያ ዱዓ! ለእናቱ፣ ለአባቱ፣ ለአስተማሪዎቹ፣ ለበቅሎዋ ሳይቀር አደረሱ። ሙላት እግሩ እስኪደነዝዝ «አሚን» ሲል ቆየና በቅሎዋ ላይ ሲወጣ ልቡ ሞልቶ ነበር። እስከ ዛሬ ከሕክምና ያገኘው ነገር ሁሉ ቢደመር የዚያን ዕለቱን አያክልለትም።

«ምን ሰጠሁት አሉ?»

«ጊደር! ግንባሯ ቦቃ የሆነች ጊደር!» አለች ትሁን። «ሕዝቡ ‹ማሻአላህ!› ብሎ ተነሣ። አያ ኑርዬም ኩታቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።»

«ላም አለኝ በሰማይ!» ብሎ ሙላት ጭንቅላቱን ይዞ ሳቀ። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ድንገት ትሁን ሳቋን ዋጠች።

«ሙሌ» አለችው ቀስ ብላ፤ «አቶ ወልዴ ሁሉንም እየጻፈ ነበር።»

በማግስቱ አቶ ወልዴ ራሱ ጤና ጣቢያው ድረስ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፊቱ ላይ ኀዘን ነበር፣ እጁ ላይ ግን ወረቀት።

«ጓድ ዶክተር፣ እወድዎታለሁ። ግብርዎን ልረዳ ብለው የመጡ ብቸኛ ሰው ነዎት። ግን ሕዝቡ በገዛ አፉ የተናገረውን ምን ላድርገው? ዶሮ፣ ጠቦት፣ ማር፣ ጊደር። ይህ የግል ሕክምና ነው፤ ግብር አለበት። ግብሩ ደግሞ ቀላሉ ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ተቀምጦ ሕዝብን የሚያስከፍል ሐኪም እንዳለ ለበላይ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሐኪም ወዲያው ነው የሚያነሡት።»

«ወዴት?» አለ ሙላት፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«ከሐይቅ ወዲያ የትም» አለ አቶ ወልዴ። «ቅዳሜ ሕዝቡ እርስዎ ፊት ያረጋግጣል። ያልተቀበሉት ካለ ያኔ ይክዳሉ። እስከዚያው ግን ከምስክሮቹ አንዱንም እንዳያነጋግሩ፤ ሲስተርም እንደዚሁ። አባበሉ ያሰኛል።»

እሱ ሲወጣ ትሁን በሩን በኃይል ዘጋችው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! ምን ችግር አለው፣ ቅዳሜ ትነሣና እውነቱን ትናገራለህ። አለቀ።»

«ምን ብዬ?»

«አልሰጡኝም ብለህ ነዋ!»

«አያ ኑርዬን?» አለ ሙላት። «በአገር ፊት፣ አማቾቻቸው ባሉበት፣ ‹ጊደር አልሰጡኝም፣ ይዋሻሉ› ልበላቸው?»

ትሁን የሐይቅ ልጅ ናትና ነገሩ ከሱ ይልቅ ለሷ ገባት። አያ ኑርዬ እንዲህ ከሚባሉ በዱላ ቢመቱ ይሻላቸዋል። መርፌዎቹን ወደ ውኃው መልሳ ጀርባዋን ሰጠችው።

«እንግዲህ ጊደሯን ካልካድክ እኔን ታጣለህ» አለች። ቀልድ አስመስላ ነበር፤ ድምፁ ግን እንደ ቀልድ አልወጣላትም። ሙላት እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ሰምቷል፤ ቅዳሜ ሳይደርስ ይጠራ ዘንድ ነበር የሚለምነው።

ቅዳሜ ሕዝቡ በሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ነጭ ለብሶ ነው የመጣው። ዶክተሩ ከፊት ለብቻው ወንበር ተሰጥቶት ስላዩት ሊሸለም ነው ብለው አስበው ነበር፤ አንዳንዷም ሴት ስታልፍ ትከሻውን መታ መታ ታደርገዋለች። ሂንድ ልጇን አዝላ መጥታለች። አያ ኑርዬ ከፊት ተቀምጠው፣ ዘንጋቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ «አብሽር» ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡት።

አቶ ወልዴ እያንዳንዱን በስሙ ጠራ። «ዶሮ ሰጥተሻል?» «አዎና!» አለች ሐቢባ። ሐሰንም ጠቦቱን፣ መሪጌታም ማሩን አጸኑ። «አያ ኑርዬ፣ ጊደር?»

«ግንባሯ ቦቃ» አሉ አያ ኑርዬ።

«ጓድ ዶክተር፣ እነዚህን ሁሉ ተቀብለዋል?»

ሙላት ተነሣ። ትሁንን አያት፤ ከንፈሯን ነክሳለች። «አልተቀበልኩም» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። ከዚያ ዓይኑ አያ ኑርዬ ላይ ዐረፈ። ሽማግሌው ቀና ብለው፣ ምንም ሳያውቁ፣ በኩራት ያዩታል። ያቺ ባዶ ጓዳ ትዝ አለችው። ልቡ ተሸነፈ።

«አያ ኑርዬ ሰጠሁ ካሉ ሰጥተውኛል» አለ። «አባቶቼንና እናቶቼን ውሸታም አላሰኝም።»

ትሁን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አቶ ወልዴም በረጅሙ ተንፍሶ ወረቀቱን አጠፈ።

«እንግዲያው ዶክተሩ በሕክምና ሲነግዱ ቆይተዋል። ግብሩን ይከፍላሉ፤ ከሐይቅም ይነሣሉ። ከዚህ በኋላ ሌላ ሐኪም እስኪመደብ ደሴ ትሄዳላችሁ።»

«ምን አልክ?» አለ ሐሰን ከመሐል። «ይነሣሉ? ሽልማት አይደለም እንዴ?»

ሕዝቡ ተንጫጫ። ሊቀመንበሩ ባዬ «ጸጥታ! ጸጥታ!» ቢል የሚሰማው የለም። ያን ጊዜ አያ ኑርዬ ዘንጋቸውን መሬት ላይ መቱ። ተነሡ። ድሮ ሲነሡ ቀጥ ይሉ ነበር፤ አሁን ግን ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ።

«ቆይ አቦ» አሉ። «ጊደሯ የለችም።»

ጫጫታው ቀጥ አለ።

«ወላሂ የለችም። ኖራም አታውቅ። ቤቴ ያለችው አንዲት ላም ናት፤ እሷም የሰው ናት፣ ከምትወልደው ልካፈል የያዝኳት። ይህ ልጅ ሂንድን ከሞት አፍ ሲመልስልኝ የምሰጠው ነገር ፈልጌ ጓዳ ገባሁ። አልነበረም። ደግሜ ገባሁ። ያው ነው። እጄን ዘርግቼ ዱዓ አደረግሁለት፣ በቃ፣ ሌላ የሰጠሁት የለም። ያን ዕለት በሰው ፊት ስጠየቅ አፈርኩ። ድህነቴ አሳፈረኝና ጊደር አልኩ።» ቆም ብለው ወደ ሙላት ዞሩ። «እሱ ባዶ ቤቴን በዓይኑ አይቷል። እያወቀ ዛሬ እኔ እንዳላፍር ሲል ሊባረር ነው። እሱ ከሚሄድ እኔ ልፈር። ጻፍ፣ የመንግሥት ሰው! ኑርዬ ምንም አልሰጠም ብለህ ጻፍ!»

ሙላት ዶክተር ነኝ ብሎ ባይተወው ኖሮ እዚያው ያለቅስ ነበር።

መጀመሪያ የተከተሏቸው መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ ናቸው። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ» ብለው ተነሡ። «ማሩ ሎሚ ነበር። አንዷም ደርቃ ነበር።»

«የኔም ጠቦት ዓሣ ነው!» አለ ሐሰን።

«የኔማ ዶሮ ገና ከእንቁላሏ አልወጣችም!» ብላ ሐቢባ ስትጮህ ዋርካው ሥር ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ማን ያቁማቸው? አንዱ በጉን ወደ ጥንቅሽ፣ ሌላው ቅቤውን ወደ ባዶ ቅል ያወርዳል። ባለፈው ስብሰባ ማን ከማን ይበልጥ እንዳልነበር፣ አሁን ማን ከማን ያንስ ሆነ።

አቶ ወልዴ እርሳሱን ይዞ ቆመ።

«አያ ኑርዬ» አለ በመጨረሻ፤ «ለዱዓው አስቀድመው ዋጋ ተነጋግረዋል?»

«ዱዓ ዋጋ አለው እንዴ?» አሉ አያ ኑርዬ ግራ ተጋብተው።

«እንቁላሉስ? ዶክተሩ አምጪ ብሎሻል?»

«እሱ? አልቀበልም ብሎ ስንት አስለመነኝ!» አለች ሐቢባ።

አቶ ወልዴ ላጲሱን ከኪሱ አወጣ። መጀመሪያ ጊደሯን ፋቀ፤ ከዚያ ማሩን፣ ከዚያ ጠቦቱን፣ ከዚያ ዶሮዋን። ብናኙን እፍ ብሎ አራገፈ። «ሳይጠየቅ፣ ዋጋ ሳይቆረጥለት፣ በፈቃድ የተሰጠ ስጦታ ነው። ስጦታ ገቢ አይደለም። ለበላይ የሚጻፍም ነገር የለኝም። ጓድ ዶክተር፣ እርስዎ ሠንጠረዥ ሀ ብቻ ነዎት፤ እሱም ከምንጩ ተከፍሏል» አለ። ይህን ሲል የፈገግታ ዓይነት ነገር ፊቱ ላይ ታየ።

እልልታው ቀለጠ። ትሁን ሙላትን አቅፋ ስታበቃ የሰው ፊት መሆኑ ትዝ አላትና ገፈተረችው። እሱ ግን ዓይኑ ሌላ ይፈልጋል። አያ ኑርዬ የሉም። ሰው ሲጨፍር እሳቸው በሐይቁ ዳር፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ወደ አምባሰል በኩል እየሄዱ ነበር። ሮጦ ደረሰባቸው።

«አያ ኑርዬ! ቆይ እንጂ!»

«ተወኝ ልጄ። ዛሬ ባዶ እጄን አገር አየው።»

«እኔ ደግሞ የሚያስቸግር ነገር ልለምንዎት ነው የመጣሁት። ከፋሲካ በኋላ ለትሁን እናት ሽማግሌ ልልክ ነው። አባቴ በሕይወት የለም። በአባቴ ቦታ እርስዎ ይሂዱልኝ።»

አያ ኑርዬ ዞረው አዩት። «እኔ? ከዛሬ በኋላ እኔን ማን ያምነኛል?»

«ከዛሬ በኋላ ነው እንጂ የሚያምኑዎት!»

ሽማግሌው ዘንጋቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። ከዚያ ቀስ በቀስ ወገባቸው ቀና አለ፣ ያው እንደ ድሮው።

ፋሲካ አለፈና ቀኑ ደረሰ። ሦስት ሽማግሌ ሄደ፤ አያ ኑርዬ፣ መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ፣ ሦስተኛው ደግሞ፣ ማን ያምናል፣ አቶ ወልዴ። ሙላት በወጉ መሠረት ቤቱ መቀመጥ ነበረበት። አልተቀመጠም። ከትሁን እናት ከእማማ አጸደ ቅንጭብ አጥር ውጪ ተጎንብሶ፣ ጆሮውን ቀስሮ ነበር፤ ቅንጭቡ ጎኑን እየጎሸመው።

እማማ አጸደ ሽማግሌዎቹን አስቀምጠው፣ በወጉ ሁለት ጊዜ እንቢ ካሉ በኋላ፣ «ለመሆኑ ልጁ ምን አለው?» ብለው ጠየቁ። አቤት ይህች ጥያቄ! እዚህ ላይ ሽማግሌ ሁሉ በሬ ይቆጥራል፣ ጎተራ ይሞላል፣ የሌለ መሬት ያርሳል። ሙላት ውጪ ሆኖ ትንፋሹን ያዘ።

አያ ኑርዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደመወዝ አለው» አሉ። «ግብሩ ከምንጩ የተቆረጠ ነው፤ ይኸው ሹሙ፣ ጠይቂው። ቤት የለውም፣ የሚኖርበት የመንግሥት ነው። በግ የለውም። ማርም የለው፣ መሪጌታ ምስክር ናቸው። ሰው ግን አለው። እኛ አለንለት።»

እማማ አጸደ የትሁን ምላስ ከማን እንደመጣ በሚያሳብቅ አነጋገር፣ «ጊደርስ? አንድ ቦቃ ጊደር አለው ሲባል ሰምቼ ነበር» አሉ።

መሪጌታ በሳቅ ሳል ያዛቸው። አያ ኑርዬ ግን አልሳቁም፤ አላፈሩምም። «ጊደሯ ገና አልተወለደችም» አሉ። «ኢንሻአላህ ስትወለድ ግን የሱ ናት። በአላህ ፊት ቃሌ ነው።»

ሙላት ከአጥሩ ውጪ ደነገጠ፤ አቶ ወልዴ እዚያው ተቀምጧል! የእርሳስ ድምፅ የሚሰማ መሰለው።

«እማማ» አለ አቶ ወልዴ በቢሮ ድምፁ፤ «ያቺ ጊደር ስትወለድ ስጦታ ናት። ስጦታ ደግሞ ገቢ አይደለም። ይህንን እኔ አረጋግጣለሁ።»

«እንግዲያው እኔም ሰጥቻለሁ» አሉ እማማ አጸደ።

አያ ኑርዬ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ለሙሽራው፣ ለሙሽራዋ፣ ለእማማ አጸደ ጉልበት፣ ለሐይቁ ዓሣ፣ ለአቶ ወልዴም ላጲስ አደረሱ። መሪጌታ «አሜን» ይላሉ፣ አቶ ወልዴ «አሜን» ይላል። የመጨረሻዋ ላይ ሲደርሱ ሙላት ራሱን ረሳ። እሱም ቅንጭቡ ሥር እጁን ዘርግቶ፣ በሙሉ ድምፁ «አሚን!» አለ።

«ማነው እሱ ከአጥር ውጪ?» አሉ እማማ አጸደ ተቆጥተው።

ትሁን ከጓዳ ሆና ሳቋን መያዝ አቃታት። «ግብር ከፋዩ ነው» አለች።